አባቴ የሰው በሬ ሲያደንቅ

አባቴ መታመሙን መጀመሪያ የነቃችበት እናቴ ናት። የነቃችበትም ሳል ሰምታ ወይም ትኩሳት ዳስሳ አይደለም፤ የሰው በሬ ማድነቅ ስለጀመረ ነው።

አባቴን ለማያውቅ ሰው ይህ ምንም አይመስልም። ከገሱባ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን አባቴ በሬ በማድለብ ስሙ የተጠራ ነው። በእኛ አገር በሬ ሜዳ ላይ ተለቆ አይደልብም። ቤት ውስጥ፣ ከምድጃው ማዶ ታስሮ፣ በእጅ እየጎረሰ ነው የሚሰባው። የስኳር ድንች ሐረግ ይቆረጥለታል፣ ለጋ የበቆሎ አገዳ ይከተፍለታል፣ ሲብስም የተቀቀለ በቆሎ ይቀርብለታል። በመስከረም ጊፋታ፣ የወላይታ አዲስ ዓመት፣ ሲደርስ በሬው ይታረድና ጎረቤት ቅርጫውን ይካፈላል። ያን ቀን የሚመዘነው በሬው ብቻ አይደለም፣ ያደለበውም ሰው ነው። ስቡ የሳሳ እንደሆነ ባለቤቱ እስከሚቀጥለው ጊፋታ ይወራበታል። አባቴ ተወርቶበት አያውቅም። ስለ ሌላው ማውራት ላይ ግን ሰነፍ አልነበረም፤ የአንዱ በሬ ጎድኑ ይቆጠራል ይላል፣ ያኛው ሰውዬ በሬውን የሚቀልበው ምክር ነው ይላል። የሰው በሬ አምሮበታል የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ የሰማ ሰው በመንደሩ አልነበረም።

እንግዲህ አንድ የገበያ ቀን እናቴና አባቴ ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ዳገቱ መካከል ላይ አባቴ አንድ ጎረቤታችን ደጃፍ ቆም አለና የሰውዬውን በሬ አደነቀ። ጎረቤታችን መጀመሪያ ተሰደብኩ ብሎ ተቆጣ። አባቴ ግን ከምሩ ነበር፤ ሻኛውን አመሰገነ፣ ጀርባውን አመሰገነ፣ ጭራውን ሳይቀር አመሰገነ። በሚቀጥለው ገበያ ትንሽ ዝቅ ብሎ ካለው ደጃፍ ቆመ። ከዚያም ሌላ ደጃፍ ተጨመረ። ብዙም ሳይቆይ ዳገቱ ላይ ሦስት በራሳቸው የሚኮሩ ባለበሬዎች ተፈጠሩ፤ አንደኛውማ ለሌላው ሰው የማድለብ ምክር መስጠት ጀመረ።

እናቴ ግን በሬውን ሳይሆን አባቴን ነበር የምታየው። ሲያደንቅ አንድ እጁ ከኮቱ ሥር ደረቱ ላይ ነው፤ ፊቱን ያልበዋል፤ ምስጋናውም በየቃሉ መካከል ትንፋሽ ይፈልጋል። ሶዶ ወዳለሁት ወደ እኔ ደወለችና፣

«አባትሽ የሰው በሬ እያደነቀ ነው። ነይና ውሰጅው» አለችኝ።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አንድ ነገር ታሰበኝ፤ አባቴ የሚያደንቀው ዳገት ላይ ብቻ ነው። ሜዳው ላይ ያሉትን በሬዎች አሁንም እየሰደበ ያልፋል። ፈራሁ። ዳገት ላይ ደረትን ጨምድዶ ቆም ሲሉ የሚለቅ ሕመም ምን እንደሆነ እኔ በመንደሩ ካለው ሰው ሁሉ ይበልጥ አውቃለሁ፤ እንጀራዬ እሱው ነውና።

ሥራዬን ልናገር። ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተምራለሁ፤ ከማስተማሩ ጎን ደግሞ ለልብ ደም የሚያደርሱት ደም ቅዳዎች እንዴት በስብ እየጠበቡ እንደሚሄዱ በጥንቸል ላይ አጠናለሁ። ለምን በጥንቸል እንደሆነ የማይጠይቀኝ የለም። አይጥ ለዚህ አትሆንም፤ የፈለገችውን ያህል ስብ ብትበላ ደም ሥሯ ጉዳዬም አይል። አሳማ በጣም በተሻለ ነበር፣ ልቡ ከሰው ልብ ይቀራረባልና፤ ነገር ግን ግቢ ውስጥ አሳማ አስገብቶ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሻይ የሚጠጣ ሰው ሶዶ ውስጥ ገና አልተወለደም። ጥንቸል የተፈጠረችው ለሣር ነው፤ ስብ ሲያበሏት የምታደርግበት ይጠፋትና ደም ሥሯ ውስጥ ታከማቸዋለች። ስለዚህ ግማሾቹን ቅቤ ከገባበት መኖ፣ ግማሾቹን ከሣርና ከተራ መኖ አሰለፍኳቸው። ሣር በሎቹን ኮንትሮል እንላቸዋለን፤ ቅቤው ምን እንዳደረገ የሚታወቀው ቅቤ ያልቀመሱት አጠገቡ ሲቀመጡ ነው።

ይህ ሥራ ለቤተሰቤ ክብር አላመጣም። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልጅሽ ምን ትሠራለች ብለው ሲጠይቋት ጥንቸል ታደልባለች ብላ መለሰች። ጥንቸል የሚበላ ሰው በአካባቢው የለም። ከሴቶቹ አንዷ በሐዘኔታ ይህን ሁሉ ተምራ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ሶዶ ገበያም ቢሆን ቅቤ ሻጮቹ በየሳምንቱ ስመላለስ አይተው አራስ አድርገውኝ ነበር። ወራት ሲያልፉ አንዷ ይኼ አራስነትሽ መቼ ነው የሚያልቀው አለችኝ።

አባቴን በሚኒባስ ሶዶ አመጣሁትና ሐኪም አየው። ሐኪሙ ለልብ ደም የሚወስዱት ሥሮች እንደጠበቡ ጠረጠረ። ክኒን አዘዘለት፣ ሕመሙ ሲመጣ ከምላስ ሥር የምትደረግ ሌላ ክኒንም ሰጠው፣ ቅቤና ጮማ ይቅርብህ አለው። ከሁሉም በላይ ደግሞ አዲስ አበባ ሄዶ ደም ሥሩ በመሣሪያ እንዲታይ፣ ካስፈለገም እንዲከፈት መከረው። ሳይውል ሳያድር ይሻላል፣ ሥሩ ድንገት ቢዘጋ ለሕይወት ያሰጋል አለ። አባቴ በአክብሮት አዳመጠ። ውጭ ስንወጣ ግን፣ ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፣ ነገር ግን በሬ አርዶ አያውቅም አለኝ።

ክርክሩ እንዲህ ነበር። እሱ በሕይወቱ ያላየው የበሬ ልብ የለም። የደለበ በሬ ልብ ነጭ ስብ ለብሶ ያምራል፤ የከሳ በሬ ልብ ራቁቱን ነው። ጠንካራው የትኛው ነበር? የደለበው። ስብ የሌለው ልብ የችጋር ልብ ነው። አዲስ አበባ ለመሄድ ደግሞ በሬውን ማን ያጎርስለታል? ሌላ እጅ ከነካው ይከሳል። በሬው እንደሆነ መስከረም ላይ መታረዱ አይቀርም፣ እኔ የምፈልገው እርስዎ ከመስከረም በኋላ እንዲኖሩልኝ ነው አልኩት። እንደ ጥንቸል አድላቢ አትናገሪ አለኝ።

እንደምንም ለምኜ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ድረስ እኔ ዘንድ እንዲቆይ አደረግሁ። በሬውን እናቴ ተረከበች። በየማለዳው ይደውልላትና ስለ እሷ ከመጠየቁ በፊት ስለ በሬው እበት ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ረጅም ነው። ሶዶ ውስጥ የሚያደልበው ነገር ስለሌለ እኔን ያደልብ ጀመር፤ ብዪ እንጂ፣ ጎርሺ እንጂ እያለ ልቤን አወለቀው። በዚያው ሰሞን የእንስሳቱ ክፍል ሠራተኛ ዲምቱ ለለቅሶ ሄዶ ቆየ። አባቴን በየቀኑ መጥቶ መኖ እንዲሰጥልኝ ጠየቅሁት። ደስታው ልክ አልነበረውም። ጠዋት መኖውን በሁለት ባልዲ አዘጋጅቼ፣ ይህ ቅቤ ያለው በቀኝ ላሉት፣ ያ ተራው በግራ ላሉት ብዬ ወደ ክፍሌ እሮጣለሁ። እሱም እሺ ይላል።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በግራ ያሉት ጥንቸሎች ጠባያቸው ተለወጠብኝ። አባቴ ሲገባ ተንጋግተው ይመጣሉ፤ ጠጉራቸውም ያብለጨልጫል። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ትምህርት ቀረና ሳላስበው ቶሎ ተመለስኩ። አባቴ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጧል። የቅቤውን መኖ በእፍኙ እየዘገነ ለሁሉም እኩል ያካፍላል፤ የሚጋፋውን ይቆጣል፣ ዓይን አፋሩን ያባብላል።

«አባ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልኩ።

«እነዚህ ምን አጥፍተው ነው?» አለኝ፤ ሣር በሎቹን ማለቱ ነበር።

እንዳስረዳኝ ከሆነ፣ በእሱ ቤት አንዱ እንስሳ ጥሩ ሲበላ ሌላው ማዶ ታስሮ አያይም። የሚያየው ዓይኑን ይጥልበታል፤ የሚበላውም አይሰባ፣ የሚያየውም አይጠግብ። በሬ ሲያጎርስ ለላሟም ትንሽ ያቀምሳታል። አባቱም እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ልጄ ተምራ ይህን መርሳቷ ከከተማ ኑሮ ነው ብሎ፣ ሳያሳፍረኝ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስህተቴን በዝምታ ሲያርምልኝ ቆይቷል።

ተናድጄ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። የወራት ሥራዬ ነው። እዚያው ተቀምጬ ኮንትሮል ምን ማለት እንደሆነ በቤታችን ቋንቋ፣ በወላይትኛ፣ ለማስረዳት ሞከርኩ። እኔ ቅቤ የማበላቸው የምወዳቸውን አይደለም፣ እንዲታመሙ የምፈልጋቸውን ነው፤ ሣር የማበላቸው ደህና ሆነው እንዲቀሩ ነው አልኩት። እጁ ባልዲው ውስጥ እንዳለ ቆመ።

«እነዚያን እንግዲህ ያሳመምኳቸው እኔ ነኝ?» አለ።

የዚያን ቀን ምሳ አልበላም። ቅቤን እንዲፈራልኝ ስለምነው ከርሜ፣ ሲፈራው ለጥንቸሎቹ ሆነ። አንጀቴን በላው፤ ንዴቴም እዚያው ቀረ።

አማካሪዬ፣ በሳቁ የማይታወቅ ትልቅ ሰው፣ ጉዳዩን ስነግረው መነጽሩን አውልቆ እስኪያብስ ድረስ ሳቀ። ኮንትሮሎችሽ ጊፋታ አክብረዋላ አለኝ። ከዚያ ቁም ነገሩን ተናገረ። አትጣያቸው፣ ወደ ሣራቸው መልሻቸውና ቅቤ ቀምሶ የተወ ምን እንደሚሆን እዪበት፤ ለኮንትሮል ሌሎች አዲስ አስገቢ አለ። እንዲሁ አደረግሁ። ሦስተኛው ረድፍ እንዲህ ተወለደ። አባቴ «የእኔዎቹ» አላቸው።

ቀጠሮው አልፎ ወደ ገሱባ ሲመለስ አዲስ አበባን አሁንም እምቢ እንዳለ ነበር። ክኒኑን ይውጣል፤ ከዚያ ለሚያልፈው ነገር ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ግን በየማለዳው ለእኔም መደወል ጀመረ።

«የእኔዎቹ እንዴት አደሩ?»

ቅቤ በሎቹን ጠይቆ አያውቅም፤ ለእነሱ ተስፋ ቆርጧል። እናቴ እንደምትለው ሙቿ ሠርታ ስታቀርብለት ቅቤውን በማንኪያ ጫፍ ወደ እሷ ይገፋው ጀመር፤ ከእንሰት ቡላ የሚሠራው ያ ምግብ ያለ ቅቤ ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለምን ብትለው የእኔዎቹ ነገር እስኪለይ ነው ብሏታል። ዳገቱ ላይ ግን ነገሩ እየባሰ ሄደ። በመጀመሪያ ከሦስቱ በሬዎች መካከል ባለው ቦታ አንድ ፍየል ማድነቅ ጀመረ። ክረምት ሲገባ አንድ ቀን እናቴ ደውላ፣ ዛሬ የዶሮ ቤት አደነቀ አለችኝ፤ እያለቀሰች ነበር። እኔም እንደ እሷ አለቀስኩ። በሬ፣ ፍየል፣ ዶሮ ቤት፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚደነቅ ነገር እንደማይኖር ሁለታችንም ገብቶናል።

ጥናቱ የሚያልቅበት ቀን ደርሶ ነበር። ጥንቸሎቹን በማደንዘዣ አስተኝተን፣ ልባቸውንና ደም ቅዳቸውን አውጥተን፣ በቀጭኑ ቆራርጠን፣ ስብ ያለበትን ቀይ በሚያደርግ ቀለም ነከርናቸው። ይህን ሥራ የለመድኩት ቢሆንም አባቴ የሚያባብላትን ዓይን አፋሯን ጥንቸል ለመጨረሻ አቆየኋት። ሁሉም ከተዘጋጀ በኋላ አባቴን ጠራሁት። የእኔዎቹ ነገር ተለየ ስለው በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና መጣ።

መጀመሪያ ያሳየሁት ከቅቤ በሎቹ የወጣውን ትልቁን ደም ቅዳ ነበር፤ ተሰንጥቆ ነጭ ሰሌዳ ላይ ተዘርግቷል፣ ቀዩ ከዳር እስከ ዳር ተንጣሏል። አባቴ ጎንበስ ብሎ በአድላቢ ዓይን መረመረው።

«አቀላለብሽስ ጥሩ ነው። ውስጥ ድረስ ዘልቋል» አለ። ልጁ በመጨረሻ አንድ ነገር በማድለቧ የኮራ ይመስል ነበር።

ማይክሮስኮፑን አስተካክዬ ዓይኑን እንዲያስጠጋ አደረግሁት። ይህ ለራሱ ለልብ ደም የሚያደርሰው ቀጭኑ ሥር ነው፣ ልክ እንደ አገዳ ተቆርጦ ነው የሚታየው፤ መካከሉ ላይ ያለችው ቀዳዳ ደሙ የሚያልፍባት ናት አልኩት። ብዙ አየ። ቀና አለ፣ ዓይኑን ጠረገ፣ እንደገና ጎንበስ አለ።

«የቷ ቀዳዳ?» አለኝ።

ቀና ብሎ፣ እኔ የማውቀው ከውጭ ያለውን ስብ ነው፣ ውስጡን ከፍቼ አላየሁም አለ። ከዚያ የእሱዎቹን አሳየሁት። አልፎ አልፎ ቀይ ነጠብጣብ አለ፣ ቀዳዳው ግን ወለል ብሎ ይታያል። ፊቱ በራ። በዚህ ጊዜ ዝም ማለት እችል ነበር፤ ግን አላስቻለኝም። የእርስዎዎቹ የቀመሱት ለጥቂት ሳምንታት ነው፣ እርስዎ ደግሞ ዕድሜዎን ሙሉ ነው፤ ሣር መብላት ብቻ የተዘጋውን አይከፍትልዎትም፣ አዲስ አበባ መሄድ አለብዎት አልኩት።

ማይክሮስኮፑን በእጁ እየዳሰሰ አሰበ።

«ይህቺኛዋ» አለ ቅቤ በሏን እያመለከተ፣ «ዳገት ላይ ትቆም ነበር?»

«ዳገት የላትም፣ አባ። የምታደንቀው በሬም የላትም።»

ቀስ ብሎ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ሳቀ፤ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሰው ነበር የሳቀው። የነገረችሽ እናትሽ ናት አለ። እሷ ናት አልኩ። ስንት ሰው ያውቃል ብሎ ጠየቀኝ። ከሦስቱ ባለበሬዎች በቀር መንደሩ በሙሉ ያውቃል አልኩት። ጥቂት ተጨነቀና፣ እነሱ ባይሰሙት ጥሩ ነው፣ ደስ ብሏቸው ነበር አለ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና እኔ ለወራት ስጠብቀው የኖርኩትን ተናገረ።

«ከጊፋታ በፊት እንሂድ።»

ከጊፋታ በፊት ማለት በሬው የመጨረሻውን ስቡን በሚይዝበት ወር ማለት ነው። ይህ ቃል ምን እንዳስከፈለው ስለማውቅ አንገቱን አቅፌ ሳምኩት።

አዲስ አበባ ሐኪሞቹ በእጁ አንጓ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ የጠበበውን ሥር በትንሽ የሽቦ መረብ ከፈቱለት። ትንሽ ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ብለው ጀምረው ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። እሱ ግን አልጋው ላይ ሆኖ ስለ ሦስተኛው ረድፍ ጥንቸሎቹ ያስረዳቸው ነበር። በሬውን በዚያ ወር ያጎረሰው ዳገቱ ላይ ካሉት ከተደነቁት አንዱ ነው፤ የማድለብ ችሎታውን ካረጋገጠለት ሰው አደራ ሲቀበል ደስ ብሎት ነበር። ጊፋታ ሲደርስ በሬው ሳስቶ ተገኘ። አባቴ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወራበት። ከቀዩ ሥጋ ትንሽ ቀምሶ፣ ጮማውን ለጎረቤት ሰጥቶ፣ ወሬውን ዋጠው።

በጥቅምት ለእረፍት ወደ ገሱባ ወርጄ ነበር። አንድ የገበያ ቀን ከአባቴ ጋር ዳገቱን ተያያዝነው። እሱ ዘንቢሉን ይዞ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። የመጀመሪያው ጎረቤታችን አባቴ ሲመጣ አይቶ ለጊፋታ በሬ ምትክ የገዛውን አዲስ ወይፈን ደጃፉ ድረስ አውጥቶ ምስጋናውን ይጠብቃል። አባቴ እርምጃውን ሳያቆም ሰላምታ ሰጠው። ወይፈኑን በጎን አየት አደረገና፣

«ጎድኑ ይቆጠራል። ምክር ነው የምታበላው?» ብሎት ሽቅብ አለፈ።

ሰውዬው የወይፈኑን ጎድን ይዳብስ ጀመር። እኔ ደግሞ እንባዬ ከየት እንደመጣ ሳላውቀው ዓይኔን ሞላው። አባቴ ዞሮ እንዳያየኝ አጥሩን ተደግፌ፣ ፊቴን ወደ ወይፈኑ መልሼ ቆምኩ። ሻኛውን አየሁ፣ ጀርባውን አየሁ፣ ጭራውን አየሁ።

ከላይ የእግር ኮቴ ሰማሁ። አባቴ ግማሽ ዳገት ከወጣ በኋላ ቆሜ አይቶኝ፣ ዘንቢሉን መንገድ ላይ ጥሎ እየሮጠ ወርዷል። አጠገቤ ሲደርስ ትንፋሹ ሰላም ነበር፤ የጠፋው የፊቱ ቀለም ነው።

«ምን ሆነሽ ነው የቆምሽው?»

«ምንም አልሆንኩም፣ አባ። ወይፈኑ አምሮኝ ነው» አልኩ።

አባቴ ወይፈኑን አየ። እኔን አየ። እጄን ጥብቅ አድርጎ ያዘና፣

«ነገ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን» አለ።